መስኮቱን ክፈቱ

ስለ ካንሰር ሕመምተኞችና ስለ ከባድ የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች ወንዛዬ ላይ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ታርሞ የቀረበ

ሩዙ አጨዳ ላይ ባለበት በዚህ ሰሞን ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ማጭዱን አስቀምጦ የመጣን ሰው ጊዜ ማባከን ነውር ነውና ጉዳዬን ከወዲሁ ልናገር።

የመጣሁት ስለ ጉንፋን ልነግራችሁ ነው። «ጉንፋን ደግሞ ምን ንግግር ያሻዋል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ ለአብዛኞቻችን ጉንፋን ሳምንት ከርሞ የሚሄድ እንግዳ ነው። ነገር ግን በየመንደራችን ካንሰር ይዞት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በአገራችን በየዓመቱ 80 ሺህ ገደማ ሰው ካንሰር እንዳለበት አዲስ ይታወቃል። እኛ በሳምንት የምንረሳው ጉንፋን ይህን ሰው ሆስፒታል ሊያስተኛው፣ አንዳንዴም ሊገድለው ይችላል።

ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለዚህ ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልገው በዙሪያው ያለው ሰው ጥንቃቄ ነው። ንግግሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ የሕመምተኛው አካል ለምን መከላከል እንደሚያቅተው እናያለን። ቀጥሎ ስለ ትኩሳት፣ በተለይ እኛ የፎገራ ሰዎች ስለምንሳሳትበት ትኩሳት እናገራለሁ። በመጨረሻም ስለ ጥየቃ፣ ስለ ሚኒባስና ስለ መስኮት አነሣለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሣ። ሩዝ ያረመ ሰው ኬሞቴራፒ የሚባለውን መድኃኒት ለመረዳት አይቸገርም። አንዳንዱ አረም ገና ቡቃያ ሳለ ከሩዙ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የለመደ ዓይን ይለየዋል፤ የተቻኮለ እጅ ግን ሩዙንም አብሮ ይነቅለዋል። ኬሞቴራፒ እንደዚያ የተቻኮለ እጅ ነው። የሚያውቀው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሴል ሁሉ ይመታል። የካንሰር ሴል ቶሎ ይባዛል። የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን እንዲሁም ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኒም ቶሎ ይባዛሉ። ፀጉር ሲረግፍ፣ አፍ ሲቆስል ሁላችንም እናያለን። መቅኒው ሲመታ ግን ማንም አያይም፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነው።

ከመቅኒ የሚወጡት ነጭ የደም ሴሎች የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ብዙ ዓይነት ቢሆኑም ለዛሬ ሁለቱ ይበቁናል። የመጀመሪያዎቹ ኒውትሮፊል ይባላሉ። ባክቴሪያ ሲገባ ፈጥነው የሚደርሱት እነዚህ ናቸው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ማይክሮሊትር ከ1,500 በላይ ይገኛሉ፤ ከ500 በታች ሲወርዱ ሐኪም ሁሉ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ በጣም የሚያንሱት መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሁለተኛዎቹ ሊምፎሳይት ይባላሉ። ቫይረስን የሚያውቁት፣ በቫይረስ የተያዘውን ሴል የሚያጠፉት፣ የክትባትን ትምህርት የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። እነዚህ ከተጎዱ ለማገገም ወራት ሊፈጅባቸው ይችላል። ስለዚህ «ፀጉሯ በቅሏል፣ ድናለች» ብለን እኛ ስንዘናጋ የእሷ ዘበኞች ገና አልተመለሱ ይሆናል።

ቫይረሱስ ምን ያደርጋል? ኢንፍሉዌንዛን እንውሰድ። የአየር ቧንቧችን ግድግዳ ላይ አቧራውንና ተህዋሱን ወደ ላይ እየጠረጉ የሚያወጡ ረቂቅ ፀጉሮች አሉ። ቫይረሱ ይህን ሽፋን ይገፈዋል። ያኔ አፍና ጉሮሮ ውስጥ አድፍጦ የኖረው ባክቴሪያ መንገዱን ክፍት ያገኘውና ወደ ሳንባ ይወርዳል። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን በሬሳ የሞላው ወረርሽኝ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ ከሞቱት ሰዎች የተቀመጠ የሳንባ ናሙና ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲመረመር፣ አብዛኞቹን የጨረሳቸው ቫይረሱ በከፈተው በር የገባ የባክቴሪያ የሳንባ ምች መሆኑ ታወቀ። ሁለቱም ዘበኞች ያሉት ጎልማሳ እንዲያ ከወደቀ፣ ሁለቱንም ያጣ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም።

መገመት ብቻም አይደለም፤ ኮቪድ መጥቶ በቁጥር አሳይቶናል። በሽታው አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የቻይና ሐኪሞች 1,590 የኮቪድ ሕመምተኞችን አጥንተው ነበር። ከመካከላቸው 18ቱ ካንሰር የነበረባቸው ወይም ያለባቸው ነበሩ። ካንሰር ከሌለባቸው ከመቶ 8ቱ ለከባድ ደረጃ ሲደርሱ ከእነዚህ ግን ከመቶ 39 ያህሉ ደረሱ። 18 ሰው ጥቂት ነው፤ በእሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። ብዙ ሳይቆይ በአብዛኛው ከአሜሪካ የተሰበሰበ የ928 የካንሰር ሕመምተኞች መረጃ ወጣ፤ ኮቪድ ከያዛቸው በ30 ቀን ውስጥ ከመቶ 13ቱ ሞተዋል። ይህ ሁሉ ክትባት ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ዛሬ ቁጥሩ እንደዚያ አይከፋም። ግን የሚያሳየው አቅጣጫ አልተለወጠም።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር የነበረባቸው አንዲት የ71 ዓመት እናት ኮቪድ ተገኘባቸው። ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ፤ ደኅና ነበሩ። ሆኖም እስከ 70ኛው ቀን ድረስ ከአፍንጫቸው ሌላውን ሊይዝ የሚችል ሕያው ቫይረስ ተገኝቷል። ሊምፎሳይት ሲደክም እንዲህ ነው፤ ጤነኛ ሰው በቀናት የሚያስወጣውን እንግዳ የደከመ አካል ወራት ያስተናግደዋል።

እዚህ ላይ የማያስፈልግ ፍርሃት ይዛችሁ እንዳትሄዱ እፈልጋለሁ። ካንሰር ያለበት ሁሉ እኩል አደጋ ላይ አይደለም። ይበልጥ የሚያሰጉን የደም፣ የሊምፍ ዕጢ ወይም የሳንባ ካንሰር ያለባቸው፣ ኬሞቴራፒ ላይ ያሉት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት በብዛት የሚወስዱት፣ በዕድሜ የገፉትና የስኳር ወይም የልብ በሽታ የተጨመረባቸው ናቸው። ከዓመታት በፊት የጡት ካንሰር ታክማ ዛሬ ጤነኛ የሆነች እናት ግን ከእኩዮቿ ብዙም አትለይም፤ እንደ እንቁላል ልንይዛት አይገባም።

ይህን ካልኩ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ትኩሳት ልለፍ። እኛ የውኃ ዳር ሰዎች ነን። ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሜዳውን ያጠጡታል፣ አንዳንዴም ያጥለቀልቁታል። ውኃ ባለበት ትንኝ አለ፣ ትንኝ ባለበት ወባ አለ። ስለዚህ ሰው ሲያተኩሰው ሁላችንም «ወባ ነው» እንላለን። ወባ ካልሆነ ደግሞ «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ እናሻለን። ይህ ልማድ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ የሆነ ልማድ ግን ያልሆነ ዕለት ክፉኛ ይጎዳል።

ትልልቆቻችሁ 1997 ዓ.ም.ን ታስታውሱታላችሁ። ጎረቤታችን ሊቦ ከምከምና እዚህ ፎገራ ትኩሳት ገብቶ ሰው እየከሳ፣ ሆዱ እየተነፋ ይሞት ነበር። መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ ሲመረመር ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታ ሆኖ ተገኘ። እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው አልቋል። ሜዳችን ያስተማረን ትምህርት ይህ ነው፤ ትኩሳት ስሙን በግንባሩ ጽፎ አይመጣም።

ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ሲያተኩሰው ደግሞ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ይሆናል። በቴርሞሜትር 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ሦስት ስሕተቶችን እንዳንሠራ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማደር ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርደዋል፤ ምክንያቱን ግን አይነካውም። እሳቱ ሳይጠፋ ጭሱን መሸፈን ማለት ነው። ሁለተኛው የወባ ምርመራ አሉታዊ ሲሆን «እንግዲህ ምንም የለበትም» ብሎ መመለስ ነው። የወባ ምርመራ የሚመልሰው የወባን ጥያቄ ብቻ ነው። ወባ ተገኝቶም ቢሆን ሌላ ተህዋስ አብሮ ላለመኖሩ ዋስትና የለም። ሦስተኛውና የከፋው ሕመምተኛው ካንሰር እንዳለበት አለመናገር ነው። ሰው አፍሮ፣ ወይም ፈርቶ ይደብቀዋል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ግን ደጁ ላይ የቆመው ሰው ኬሞቴራፒ ከወሰደ 10 ቀኑ መሆኑን ካላወቀ እንደማንኛውም ትኩሳት ያየዋል። «እንደምን አደሩ» ከተባለ በኋላ የመጀመሪያው ቃል «የካንሰር መድኃኒት ላይ ነኝ፤ የወሰድኩት በዚህ ቀን ነው» መሆን አለበት።

የትኩሳት አለመኖርም ሁልጊዜ አያስተማምንም። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ሳንባው እየተቃጠለ ላያተኩሰው ይችላል። ስለዚህ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት መውጋት፣ ከአልጋ መነሣት ማቃት፣ መቀባዠር፣ ከንፈር መጥቆር ከትኩሳት እኩል ይቆጠራሉ። «ምች» የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሳንባ ምች በዳማከሴ አይሽርም።

ገንዘብ የሚለው ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ፎገራ አንዷ ነበረች፤ ይህን ነገር ለአገር ካስተማሩት መካከል ነን። የመድኅን ደብተራችሁን በሣጥን ግርጌ አትቅበሩት። ካንሰር ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደብተሩ፣ የሕክምና ካርዱና ቴርሞሜትሩ በአንድ ከረጢት ተደርገው በር አጠገብ ይሰቀሉ። በሌሊት የሚፈለግ ነገር በቀን ይሰናዳል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል መጣን። በእኔ በኩል የመጣሁት ለዚህ ነው ማለት ይቻላል።

አንዲት እናት እናስብ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ደጋግሜ ካየሁት የተሰፋ ነው። ለሕክምና ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትመላለሳለች። ወረታ መናኸሪያ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ወንበሩ ሞልቶ መካከል ላይ በርጩማ ይጨመራል። ከኋላዋ አንድ ሰው ያስላል። ሙቀቱ ሲበዛባት መስኮት ትከፍታለች። ወዲያው «እቴ፣ ዝጊው እንጂ! ብርድ ይመታናል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ትዘጋዋለች። ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሁሉም የሁሉን ትንፋሽ እየተቀባበለ ይጓዛል።

ወገኖቼ፣ በነፋስ ላይ የያዝነው ቂም ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ፍርዱ ግን የተዛባ ነው። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ የሚወጣው ከሰው አፍና አፍንጫ ነው። ሲያስል፣ ሲናገር፣ ሲዘፍን የሚወጣው ረቂቅ ጠብታ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የኩፍኝ ቫይረስማ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። በመስኮት የሚገባው ነፋስ ይህን ጠራርጎ ያወጣል። ለዓመታት በከሳሽነት የፈረድንለት ትንፋሽ ነው ጥፋተኛው፤ የፈረድንበት ነፋስ ነጻ ነበር። የበረደው ሰው ጋቢውን ይደርብ፤ መስኮቱ ግን ይከፈት።

እናታችን ቤቷ ስትደርስ ደግሞ መንደሩ ይጠብቃታል። ጥየቃ ነው። እኛ የታመመን የማይጠይቅ ሰው እንደ ሰው አንቆጥርም፤ «ሞቼ እንኳ አልጠየቀኝም» ተብሎ ስንት ቂም ተቋጥሯል! ስለዚህ 15 ሰው በአንዲት ክፍል ይሰበሰባል፤ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል፤ ቡናው ይፈላል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ በሩ ይዘጋል። ልጆች አፍንጫቸው እየፈሰሰ ጭኗ ላይ ይወጣሉ። ሁሉም የመጣው በፍቅር ነው። ለቫይረሱ ግን በፍቅር የመጣና በጠላትነት የመጣ አንድ ነው።

ጥየቃ ይቅር የሚል ሐኪም አትስሙ። ብቻውን የተተወ ሕመምተኛ ምግቡንም መድኃኒቱንም ይተዋል። እኔ የምለው መልኩ ይለወጥ ነው። መልኩን ለመለወጥ ደግሞ ከሩቅ አገር ሥርዓት መዋስ አያሻንም። አባቶቻችን ለሚያከብሩት ሰው ከሩቅ ዝቅ ብለው እጅ ይነሡ ነበር፤ ያ ሰላምታ ጉንጭ ከመሳም ያነሰ ክብር የለውም። እናቶቻችን በትልቅ ሰው ፊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉ ነበር፤ ዛሬ ከነጠላው ይልቅ የሐኪም ጭምብል ይሻላል፣ ልማዱ ግን የራሳችን ነው። ደጅ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አውጥቶ መጠየቅ ይቻላል። የሚያስለው ሰው ሳምንት ቆይቶ ይምጣ፤ እስከዚያ በስልክ ድምፁን ያሰማ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥየቃ ግን እጅ ያለው ጥየቃ ነው። ሩዟን በደቦ ማጨድ፣ ውኃዋን መቅዳት፣ የጉዞ ብሯን ማዋጣት፣ ከጭስ እንድትርቅ እንጀራዋን መጋገር ቤቷ ገብቶ ከመተንፈስ ይልቅ ያሽራታል።

ጭስ ካነሣሁ አይቀር፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን መንደሩን የምናጥነው የዚያን ወረርሽኝ መታሰቢያ አድርገን ነው። መታሰቢያነቱን አከብራለሁ። ጭስ ግን ቫይረስ አያባርርም፤ የተጎዳን ሳንባ ይባስ ያስቆጣል። በዚያ ዕለት ሕመምተኛ ያለበት ቤት አጠገብ አታጭሱ።

ስለ ወንዛዬም ዝም ብዬ ብሄድ ትታዘቡኛላችሁ። ጉማራ ዳር ያለው ፍል ውኃችን ብዙ ሰው ከሩቅ የሚመጣበት ነው። እምነታችሁን ልነካ አልመጣሁም። ግን ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ በእነዚያ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት፣ ከብዙ ሰው ጋር ውኃ ውስጥ ባይገባ፣ በተጨናነቀ መጠለያ ተደራርቦ ባያድር ይመረጣል። መምጣት ካለበት ሐኪሙን አማክሮ፣ ሰው በሳሳበት ሰዓት ይሁን፤ ማደሪያውም አየር የሚገባበት። ይህ ለለቅሶ ድንኳን፣ ለማኅበርና ለሰደቃ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት እንዳየነው ጎርፍ ሲያፈናቅለን ለምንጠለልበት አዳራሽም ይሠራል። የተሻለው አየር ያለበት ጥግ ለሕመምተኛው ይተው።

ስለ ክትባት አንድ ቃል። የካንሰር መድኃኒት ላይ ላለ ሰው እንደ ኩፍኝ ክትባት ያለ፣ ሕያው የሆነ የተዳከመ ቫይረስ ያለበት ክትባት አይሰጥም። ሕይወት የሌላቸው፣ እንደ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ያሉት ክትባቶች ግን ሐኪሙ ጊዜውን መርጦ ሊሰጣቸው ይችላል፤ የኢንፍሉዌንዛው በየጤና ኬላው የሚገኝ አይደለምና መጠየቅ ያሻል። ክትባት ተሰጥቶትም የደከመ አካል ትምህርቱን በግማሽ ሊይዘው ይችላል። የደም ካንሰር ያለበት ሕፃን ኩፍኝ ከያዘው ሽፍታ እንኳ ሳይወጣበት ሳንባው ሊዘጋ ይችላል። ይህን ልጅ የሚጠብቀው የእኛ ልጆች ክንድ ነው። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ከ100 ልጆች 95ቱ ሲከተቡ ኩፍኝ መንደሩ ውስጥ መንገድ ያጣል። ልጁን ሳያስከትብ የሚቀር አባት የሚወስነው ለራሱ ልጅ ብቻ አይደለም።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ካላስጠነቀቅኩ ንግግሬ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። «ኬሞቴራፒ ዘበኛን የሚገድል ከሆነ ይቅርብኝ» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በእንግሊዝ አገር ኮቪድ የያዛቸው 800 የካንሰር ሕመምተኞች ሲጠኑ፣ በቅርቡ ኬሞቴራፒ መውሰዳቸው ብቻውን ከሌሎቹ ይበልጥ ለሞት እንዳበቃቸው አልታየም። ይልቅ የጎዳቸው ዕድሜና ሌሎች ተደራራቢ በሽታዎች ነበሩ። ሩዙ ይነቀላል ብሎ ማረም የተወ ገበሬ ማሳውን ለአረሙ ያስረክባል። ለረጅም ዘመን በአገራችን የጨረር ሕክምና ለማግኘት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ መሄድና ወራት መጠበቅ ግድ ነበር። ዛሬ ቢያንስ ኬሞቴራፒው ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ ሲገኝ በፍርሃት ቀጠሮ ማሳለፍ ያሳዝናል። ቀጠሮ ይጠበቅ፤ የምንጠነቀቀው በመንገዱና በቤቱ ነው።

እንግዲህ ጨረስኩ። ከተናገርኩት አብዛኛውን ብትረሱት አልቀየምም፤ አጨዳ ላይ ናችሁ። አንዷን ብቻ ያዙልኝ። ዛሬ ማታ ወደ ወረታ ስትመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ አፏን ሸፍና፣ ጥግ ይዛ የተቀመጠች ሴት ካያችሁ ምን እንደሆነች አትጠይቋት። ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉና መስኮቱን ክፈቱላት።